ጊዜው ገና አልደረሰም

ግንቦት 5 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

የእድሩ ኮሚቴ ፈቀደ። እስከ ሰኔ መጨረሻ የኢንተርኔት ገጼን ሠርቼ ካሳየሁ የቀብር ጥሪ በየአባሉ ስልክ ይደርሳል። ካልቻልኩ እንደ ድሮው በገርባ ጥሩምባ እንቀጥላለን። ሊቀመንበሩ ማስረሻ ለአፉ ለከት የለውም። "ተክሌ፣ ሬዲዮ ስትጠግን፣ ታይፕ ስትጠግን አረጀህ። አሁን ደግሞ ሞትን ልትጠግን ነው?" አለ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ገርባ እንኳ ቅር አላለውም። ከስብሰባው ስንወጣ ትከሻዬን መታ አድርጎ "ኦቦ ተክሌ፣ የእኔ መሣሪያ መብራት አይጠፋበትም" አለኝ። "አንተን ግን ጉንፋን ይይዝሃል" አልኩት።

ማንም አላስተማረኝም። ሬዲዮንም በመጽሐፍ ነው የተማርኩት፣ ይህንንም በመጽሐፍ ነው። በእኔ ላፕቶፕ የሚሠራው ገጽ በእድሩ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ብሎ አንድ ጊዜ አዋርዶኛል። የኮምፒውተር ሱቅ ያለው ሳሊህ መፍትሔውን ነገረኝ፤ ፕሮግራሙን ከነሚያስፈልገው ሁሉ ኮንቴይነር በሚሉት አንድ የፕሮግራም መያዣ ውስጥ መክተት። እንደዚያ ከሆነ የትም ቢወሰድ ያው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደስ ይለኛል። ቦታ ሲቀየር ጠባዩን የሚቀይር ነገር አልወድም።

ግንቦት 8፣ ዓርብ

ኮንቴይነሩ ተነሣ። ፕሮግራሙ ውስጥ ሆኖ እየሠራሁ ነው ይላል፤ ከውጭ ግን ገጹ አይከፈትም። ቀኑን ሙሉ ታገልኩት። ለካ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከራሱ የሚመጣውን ብቻ እንዲሰማ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ከውጭ የሚመጣውንም እንዲሰማ አዘዝኩት፣ በሩን ከፈትኩለት፣ ገጹ መጣ።

ባለቤቴ እንቁ ውሃ ይዛልኝ ገብታ ማያው ላይ ያለውን አነበበች። "ሟች፦ ተክለሃይማኖት" ይላል። ለሙከራ የጻፍኩት ነው።

"አጥፋው" አለችኝ።

"ሙከራ ነው።"

"ለሙከራ ሌላ አጣህ?"

"የሌላ ሰው ስም ልጻፍ? የማንን?"

አማተበችና ወጣች። የደም ግፊት አለባትና አልተከራከርኳት። ስሜን አጥፍቼ "እገሌ" ብዬ ጻፍኩ።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ዛሬ ጠዋት ለእድራችን አባል ለኡበይደላ መርዶ ነገርን። ወንድሙ ወለንጪቲ ላይ በድንገት አርፎ ነው።

የእድራችንን የመርዶ ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ሞቶ ቤተሰቡ ካልሰማ መጀመሪያ ቅርብ የሆነ ዘመድ በሰበብ ወደ ቤቱ ይገባል። ስልክ እንዲርቅ ይደረጋል፣ ሬዲዮ ይዘጋል። የታመመ ካለ መድኃኒቱ ይጠየቃል። ሬሳው ሩቅ ካለ እስኪቃረብ ይጠበቃል። ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሊቀመንበሩ ከፊት፣ ሽማግሌዎች ከኋላ ሆነው ይሄዳሉ። ጎህ ሲቀድ ማለት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ከዚያ አያልፍም።

ኡበይደላ ሶላቱን ጨርሶ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ገርባ ክንዴን ያዘኝ። "ሻዩን ይጨርስ" አለኝ በሹክሹክታ። "በደንቡ ላይ ሻይ የሚል የለም" ብዬ በሩን አንኳኳሁ። ሰውዬው ብርጭቆውን ሳያስቀምጥ ነው የሰማው፤ ሻዩ እግሩ ላይ ፈሰሰ። ገርባ ስንመለስ አላናገረኝም። ትክክል ነበርኩ። ዘግይቶ የሚመጣ መርዶ ሰውን ማታለል ነው።

በገጹ ላይም ይህንኑ ደንብ አስገብቻለሁ። የቀብር ጥሪ ሲጻፍ "ቤተሰብ ሰምቷል" የሚል ትንሽ ሳጥን አለ። እሷ ምልክት ካልተደረገባት ጥሪው ለማንም አይወጣም።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

ልጄ ሰይፈሚካኤል ሁለት ሌሊት አድሮ ወጣ። ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ጭነት ያመላልሳል። ላፕቶፑን የገዛልኝ እሱ ነው። ጎንበስ ብሎ ሥራዬን አየና "አባዬ፣ የእርስዎ ኮንቴይነር ጎማ አይፈነዳበትም። እንቀያየር" አለኝ።

"አንተ መሪህን ጠብቅ" አልኩት።

ከመኪናው ሆኖ ደግሞ "ሙቀቱ ማሽኑን ይገለዋል። ስመለስ ቬንትሌተር አመጣለሁ፤ እሱም እርስዎም ትቀዘቅዛላችሁ" አለ። እናቱ ሳቀች። እኔ በሩን ዘጋሁ፤ አቧራው ይገባ ነበርና።

ግንቦት 17፣ እሑድ

ሰይፉ ከሚሌ ደወለ። ሲሄድ ከሚሌ፣ ሲመለስ ከሚሌ ይደውላል፤ የእናቱ ሕግ ነው። ደህና ነው።

ኮንቴይነሩ እንቢ አለ። እንደ አዲስ ስሠራው የሚያስፈልጉትን ፋይሎች ከኢንተርኔት ያወርዳል። መሐል ላይ ሲደርስ ቀይ ጽሑፍ ያወጣና ይቆማል። በመዝገበ ቃላት ፈታሁት፤ "ይህ ፋይል ጊዜው ገና አልደረሰም" ነው የሚለው። ትናንት ግን አልፎ ነበር። አንድ ቀን የሚሠራ አንድ ቀን የማይሠራ ነገር ያስፈራኛል። የሞተ ሬዲዮ ይጠገናል፤ ድምፁ የሚመጣና የሚሄደው ነው የሚያስቸግረው።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ሰይፉ የመመለሻውን አልደወለም። ስልኩ ዝግ ነው። ድንበሩ ላይ፣ ጋላፊ አካባቢ ኔትወርክ የለም።

ቀዩ ጽሑፍ እንዳለ ነው።

እንቁ ስልኳን ከመቀነቷ አትለይም።

ግንቦት 23፣ ቅዳሜ

ላፕቶፑን ሳሊህ ዘንድ ወሰድኩት። ገና እንደከፈተው መሳቅ ጀመረ።

"ጋሽ ተክሌ፣ ይሄ ሰዓት ምንድን ነው?"

"የእኛ ሰዓት ነዋ። ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት ይላል። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መልሼ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።"

"እኮ! እነዚህ ፋይሎች ሲወጡ ሰዓት ይታተምባቸዋል። ይሄኛው የወጣው ዛሬ ጠዋት ነው። የእርስዎ ማሽን ደግሞ ገና ሌሊት ላይ ነው ያለው። ለእሱ ፋይሉ ከነገ የመጣ ነው፤ አላምንህም ይለዋል። ፋይሉ የቆየ ሲሆን ያልፋል፣ ትኩስ ሲሆን አያልፍም።"

"ታዲያ ማሽኑ ምን አጠፋ?"

"ማሽኑማ ምንም አላጠፋም" አለና ሱቅ ውስጥ ወዳሉት ሰዎች ዞረ። "ዓለም ነው ያጠፋው። ጋሽ ተክሌ ጋ እስኪደርስ ስድስት ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ነበረበት።"

ሁሉም ሳቁ። ሰዓቱን በደቂቃ አስተካክልልዎታለሁ አለኝ። አይሆንም አልኩት። በቤቴ ፀሐይ ስትወጣ ስድስት ሰዓት የሚል ነገር አላኖርም። ላፕቶፔን ይዤ ወጣሁ።

አልደወለም። ነፋሱ የቆርቆሮውን በር ባንቀጠቀጠው ቁጥር እንቁ ትነሣለች። እኔ አልነሣም። ግን እሰማለሁ።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

ሞጆ ሄጄ ነበር። ለእንቁ የላፕቶፕ ዕቃ ልገዛ ነው ብያታለሁ።

ሰይፉ የሚሠራበት የጭነት ግቢ ገብቼ ስምሪት ክፍሉን ጠየቅኩ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ተነሥቶ የራሱን ወንበር ሰጠኝ። መኪናው ተበላሽቶ መንገድ ላይ ቆሟል፣ ዕቃ እየተጠበቀ ነው አለኝ። የት አልኩት። ከሚሌ ወዲያ ነው አለኝ። ወጥቶ የታሸገ ውሃ ገዝቶልኝ መጣ፤ ክዳኑን ራሱ ከፈተልኝ። አባት አለህ ወይ አልኩት። አለኝ ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ልሄድ ስነሣ የእድራችሁ ሊቀመንበር ማን ይባላል ብሎ ጠየቀኝ። የማስረሻን ስልክ ሰጠሁት።

ጨዋ ልጅ ነው። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ወጣት አይገኝም።

መኪና ይበላሻል። ለእንቁ ነገርኳት። "ታዲያ ከሰው ስልክ አይደውልም?" አለችኝ። ሁሉም ሰው ስልክ አያበድርም አልኳት። ላብ አላበኝ፤ የሞጆ ፀሐይ ነው።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ማስረሻ ሳይጠራ መጣ። ገጹን ለሌላ ወር ብናራዝመው ምን ይመስልሃል አለኝ። ዕድሜዬን ያጠፋሁት በክርክር ነውና ተነሣሁበት። ኮሚቴው ቃል ገብቷል፣ ቀን ተቆርጧል፣ ሰኔ ማለት ሰኔ ነው አልኩት። እስኪመልስልኝ ጠበቅኩ። መልሱን ደግሞ ምን እንደምለው አዘጋጅቼ ነበር።

"እሺ። እንዳልክ" አለ።

ማስረሻ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ምክንያት ሳይኖረን የምንጣላ ሰዎች ነን።

ሲወጣ በር ላይ ቆመና "እንቁ የምትወስደው የግፊት ኪኒን የትኛው ነው? እኔም አሞኛል መሰለኝ" አለኝ። ነገርኩት። ማስረሻ እንደ ፈረስ ጤነኛ ነው። ግን ሰው ያረጃል፣ ይታመማል።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

መሰለች ከሁሩታ መጣች። የእንቁ ታናሽ እህት ናት። ዓይኔን ልታከም ነው አለች። ዛሬ አረፋ ነው፣ ነገ ቅዳሜ፣ ከነገ ወዲያ እሑድ። ለዓይን ሐኪም ብሎ ዓርብ የሚመጣ ሰው አላየሁም። ደግሞ ባዶ እጇን መጣች። መሰለች ገብስ ሳትይዝ፣ ቅቤ ሳትይዝ እህቷ ቤት ገብታ አታውቅም። ቸኩዬ ነው አለች።

ከሰዓት በኋላ የእንቁ ስልክ ከመሰለች እጅ ወድቆ ባልዲ ውስጥ ገባ። "እኔ ነኝ ያበላሸሁት፣ እኔ አስጠግነዋለሁ" ብላ ወሰደችው። አሮጌ ስልክ ነበር። ቆይታ ደግሞ ሬዲዮኑን ዝጉልኝ፣ ራሴን እያመመኝ ነው አለች። ዘጋሁላት።

የእድሩን ደንብ ከመሳቢያ አወጣሁት። ሳላነበው መለስኩት። የማውቀውን ምን ብዬ አነበዋለሁ? ሰው ሁሉ ዘመድ ይጠይቀዋል። ሰው ሁሉ ስልክ ይወድቅበታል። እኔ ያወጣሁት ደንብ ዓለምን በሙሉ አይገዛም። ሌሊቱን ሁሉ ውሻ የሚጮህበት ቤት ሁሉ ሰው አይሞትበትም።

ማታ እንቁ ለብቻዋ እቃ ቤት ገብታ ስትጸልይ ሰማኋት። ስሙን ነው የምትጠራው። ብዙ ነገር አትጠይቅም። ይደውልልኝ ነው የምትለው።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ሳሊህ ዘንድ ሄድኩ። ሰዓቱ አሁንም ወደ ኋላ እንደሆነ ሲያይ ይስቅብኛል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። ሱቁ ውስጥ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። አየኝና ተነሣ። ሌሎቹም ቦታ ለቀቁልኝ።

"ጋሽ ተክሌ፣ እንደነበረ ይሁንልዎ" አለኝ። "ሰዓቱን አይንኩት። ሌላ መንገድ እፈልግልዎታለሁ፤ ቤት ድረስ እመጣለሁ።"

"ዓለም ቆሞ ይጠብቀኝ ወይ?" አልኩት። የራሱን ቀልድ ነው የመለስኩለት።

አልሳቀም። ንጹሕ የሆነውን ጠረጴዛ ይወለውል ጀመር። ተቆጣሁ። "ምን ሆነሃል? ባለፈው ስትስቅብኝ አልነበረም?" አልኩት። "ይቅር ይበሉኝ" አለኝ። ምኑን ነው ይቅር የምለው?

በመንገድ ሁሉ ሰው መንገድ ይለቅልኛል። የሱቁ ሰው፣ የባጃጁ ሹፌር፣ ሁሉም። የአዳማ ሰው መቼ ነው ለእኔ መንገድ መልቀቅ የጀመረው?

ሰኔ 1፣ እሑድ

ሰዓቱን ቀየርኩት።

በራሴ እጅ። ስድስት ሰዓት ወደ ፊት ገፋሁት። ቁጥር ነው። የተሸነፍኩ አይደለም። ሥራውን ልጨርስ ብዬ ነው። ሥራው ካለቀ ለማስረሻ አሳየዋለሁ፣ እሱም እንከን ይፈልግልኛል፣ እንጨቃጨቃለን። ሳሊህ ይስቅብኛል። ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል።

ቀዩ ጽሑፍ አልመጣም። ፋይሎቹ ሁሉ አለፉ። ኮንቴይነሩ ተነሣ፣ ገጹ ተከፈተ፣ የእገሌን ጥሪ ጻፍኩ። "ቤተሰብ ሰምቷል" የሚለውን ሳጥን ባዶ ተውኩትና ላክ አልኩት። ገጹ ዝም አለ። ማንም ዘንድ አልደረሰም። ልክ እንዳዘዝኩት።

ብዙ ጊዜ አየሁት። ጥሪው ውስጥ አለ፤ ተጽፏል፤ ውጭ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩን ይዟል። አንድ ትንሽ ምልክት ብቻ ነው የጎደለው። እንዲህ ሆኖ መቆየት ይችላል ወይ ብዬ ኮዱን አነበብኩ። ይችላል። ማንም ካልነካው እስከፈለገው ድረስ ይቆያል።

ለማስረሻ ደወልኩለት። ሠራልኝ አልኩት። "እሰይ" አለ። ስልኩን አልዘጋም። እኔም አልዘጋሁም። ሲተነፍስ ይሰማኛል።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

የሰኔ ጾም ገባ። እንቁ ትጾማለች። ሐኪም ከልክሏታል፣ አልሰማ አለች። ዛሬ አልጮኽኩባትም።

የእድሩ ድንኳን ከመጋዘን ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል። ለማን ነው ብዬ ጥበቃውን ጠየቅኩት። ለማናፈስ ነው አለኝ። እውነት ነው፣ ዝናብ ሳይገባ መናፈስ አለበት።

ገርባ ቤት ሄድኩ። "አካም ቡልተን" አልኩት በኦሮምኛ፤ "ነጋ፣ ነጋ" አለኝ፣ ሰላም ነው ማለቱ ነው። ገጹ ሠራ፣ ጥሩምባህን ለልጅ ልጆችህ መጫወቻ ስጣቸው አልኩት። መብራት ሲጠፋ እንተያያለን ይለኛል ብዬ ጠበቅኩ።

"ይሁን፣ ኦቦ ተክሌ" አለ።

እጄን ጨብጦ አልለቀቀኝም። እስከ ቤቴ በር ድረስ ሸኘኝ። ስለ ጤፍ አወራኝ፣ ስለ ነፋሱ አወራኝ። ቤቱ ጥሩምባውን የሚሰቅልበት ሚስማር ባዶ ነበር። አልጠየቅኩትም።

የት አለ ብዬ ልጠይቀው ነበር። ጥሩምባውን አይደለም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ጎህ ቀደደ።

ከመንጋቱ በፊት ተነሥቼ ለብሼ ተቀምጫለሁ። መሰለችም ለብሳ ተቀምጣ ነበር፤ ማታም ልብሷን አላወለቀችም። ተያየን። አንገቷን ደፋች። እንቁ ብቻ ናት የተኛችው። ብዙ ቀን እንቅልፍ አልነበራትም፤ ሊነጋጋ ሲል ነው የወሰዳት።

እግር ሲመጣ ሰማሁ። ነፋስ አልነበረም። በመስኮቱ አየሁ። ማስረሻ ከፊት፣ ሽማግሌዎቹ ከኋላ። ሳሊህም አለ፣ ኡበይደላም አለ። ገርባ ጥሩምባውን በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ይዟል። አቋቋማቸው ሁሉ እኔ እንደጻፍኩት ነው።

ሳያንኳኩ ወጣሁ። በሩን በጥቂቱ ብቻ ነው የከፈትኩት። ማስረሻ አፉን ሊከፍት ሲል እጄን አነሣሁ።

"እንቁ ተኝታለች" አልኩት።

"ተክሌ፣ ደንቡ..." አለ።

"ደንቡን አውቀዋለሁ። እንቅልፏን ትጨርስ።"

ኡበይደላ ነው መጀመሪያ የተቀመጠው፤ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ። ቀና ብሎ አላየኝም። ገርባ "እንጠብቃለን፣ ኦቦ ተክሌ። ዛሬ ሌላ ሥራ የለንም" አለኝ። በሩን ዘጋሁት። አልነገሩኝም። አልሰማሁም።

ይህን የምጽፈው በመጠበቅ ላይ ሳለሁ ነው። ኪኒኗን አውጥቻለሁ። ውሃ በብርጭቆ ቀድቻለሁ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው አስጠግቻለሁ፣ ድንገት ብትወድቅ ጥግ እንዳይመታት። ላፕቶፑን አጠፋሁት። ፀሐይ የቆርቆሮውን ጫፍ ነክታለች። ውጭ አንድ ሰው ሳለ፤ ሌላው ዝም እንዲል አደረገው።

እንዲህ የሚቆይ ቢሆን። እነሱ ውጭ፣ እሷ ተኝታ።

አልጋው ተንቋቋ። ተነሣች።

"ተክሌ" ትለኛለች ከውስጥ። "በሩ ሲከፈት ሰማሁ ልበል? ሰይፉ ነው የመጣው?"

ልከፍትላቸው ነው።